ሰዓቱን ጻፉ፦ ስለ ምርጫና ስለ መብት ሳስተምር የተማርኩት

የጀመርኩት በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። የሕግ ዲግሪዬን ይዤ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ማኅበር በኩል በበጎ ፈቃድ ሰው ላስተምር ተነሣሁ። ጊዜው ደስ ይል ነበር። ለአሥር ዓመት የማኅበራትን እጅ ጠፍሮ የያዘው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቷል። በድሮው ሕግ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ ላይ መሥራት አይችልም ነበር። ስለዚህ የመብት ትምህርት የሚባለው ነገር ከየሰፈሩ ጠፍቶ ነው የከረመው። እኔም ሕዝቡ ጠምቶታል ብዬ ሄድኩ።

አልጠማውም።

የመጀመሪያው ቀን በአንድ እድር አዳራሽ ውስጥ ነበር። አርባ ሰው ይሆናል። እኔ 32 ስላይድ አዘጋጅቼ፣ ፕሮጀክተር ተሸክሜ፣ ጃኬት ለብሼ። ከሕገ መንግሥቱ አጸዳደቅ ጀመርኩ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ፣ 106 አንቀጾች አሉት፣ ምዕራፍ ሦስት ስለ መብትና ነፃነት ነው እያልኩ ስምንተኛው ስላይድ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። ሰዉ እፎይ አለ። እውነቴን ነው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጨለማው ውስጥ አንድ አዛውንት፣ "ልጄ፣ ልፋትሽን እግዜር ይቁጠርልሽ። ግን ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው" አሉኝ። ከጎናቸው የተቀመጡት ጋሼ ቀበል አድርገው፣ "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኮረንቲ ስቀጥል ነው የኖርኩት። የሚይዘው የማያውቀውን ነው" አሉ። "ታዲያ እስኪ ይሄን አብራልን!" ሲላቸው ሌላው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን የተማረ ሰው ካለ ከዚያ ሳቅ በኋላ ነው የተማረው። መብራት ስለሌለ ስላይዱን ትቼ፣ "እሺ፣ በቅርቡ የትኛው ቢሮ አመላለሳችሁ?" ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ እኔ ዝም፣ እነሱ ተናጋሪ። መታወቂያ፣ ውኃ፣ አከራይ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ ፓስፖርት።

ከዚያ በኋላ ፕሮጀክተር ይዤ ሄጄ አላውቅም። ሦስት ትልልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። አንዱ ላይ "ወረዳ"፣ አንዱ ላይ "ከተማ"፣ አንዱ ላይ "ፌዴራል" ተጽፏል። ሰው ቅሬታውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ መጻፍ ያልቻለ ለጎረቤቱ ነግሮ ያጽፍና፣ የሚመለከተው ሥር ይለጥፋል። መታወቂያ ወረዳ ነው። ውኃ ከተማ አስተዳደሩ ነው። መብራትና ፓስፖርት ፌዴራል ናቸው። ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። "ቀበሌን ስረግም የኖርኩት ለካ በከንቱ ነው!" ያለችኝን ሴትዮ አልረሳትም። ምርጫ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። አንዱ የምርጫ ወረቀት ለፌዴራሉ ምክር ቤት፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት ነው ስል አሁን ይገባቸዋል። ቅሬታቸው የተለጠፈበት ወረቀት ፊታቸው አለና።

ስህተቴ ብዙ ነው፤ አንዱን ልንገራችሁ። ለመብት ትምህርቱ ፖስተር አሠራሁ። ፍትሕ ስለሆነ ምን ይሣላል? ሚዛን። ቆንጆ አድርጌ አሣልኩና ይዤ ሄድኩ። 2013 መሆኑ ነው፣ የምርጫ ሰሞን። አንዲት እማማ ፖስተሩን ትኩር ብለው አይተው፣ "ልጄ፣ አንቺ የማን ነሽ?" አሉኝ። የማን ልጅ ነሽ ማለታቸው መስሎኝ የአባቴን ስም ነገርኳቸው። ለካ ሚዛን የኢዜማ የምርጫ ምልክት ነው! በድንጋጤ ፖስተሩን አነሣሁ። በሳምንቱ ያለ ሥዕል የተዘጋጀውን ይዤ ስሄድ ደግሞ አንድ ጎረምሳ፣ "ዛሬስ አምፖል አላመጣሽም?" ብሎ ቀለደብኝ፤ የብልጽግናን ምልክት ማለቱ ነው። የመራጮች ትምህርት የሚሰጥ ማኅበር ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ ማውጣት አለበት፣ ገለልተኛ መሆንም ግዴታው ነው። እኛም ፈቃዱ ነበረን። ግን ገለልተኛ መሆንና ገለልተኛ መስሎ መታየት ሁለት የተለያየ ሥራ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የማንንም ፓርቲ ስም፣ ለምሳሌ ያህል እንኳ፣ አልጠራም። የልብሴን ቀለም ሳይቀር አስብበታለሁ።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልምጣ።

ሰዉ ስለ ምርጫ የሚጠይቀው ዕድሜ 18 መሙላቱን ወይም በምርጫ ክልሉ 6 ወር መኖሩን አይደለም። እሱን አንዴ ከነገርከው ይበቃዋል። የሚጠይቀው፣ ያውም ትምህርቱ አልቆ ስንወጣ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ "ማንን እንደመረጥኩ ያውቃሉ አይደል?" ነው። አያውቁም፣ ምስጢር ነው ብዬ ደጋግሜ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አያምኑኝም። በቃል የማይሆን መሆኑ ሲገባኝ የልምምድ ምርጫ ለማድረግ ወሰንኩ።

እጩዎቹ እነማን ይሁኑ? ፓርቲ አይሆንም። ሙዝና ብርቱካን ደግሞ የልጆች ጨዋታ ይሆናል። እድሩ ውስጥ ለወራት ያልተቋጨ ክርክር ነበር። ባለው ገንዘብ አዲስ ድንኳን ይገዛ ወይስ ወንበር? ኮሚቴው ድንኳን ብሎ ወስኖ ጨርሷል። እስቲ በምርጫ እንየው አልኩ። ሰብሳቢው ውጤቱን ስላወቁት መሰለኝ በደስታ ተስማሙ።

ካርቶን በፕላስተር አሸግን። ጥግ ላይ አንሶላ ሰቅለን የምስጢር ድምፅ መስጫ አደረግነው። ወረቀቱ ላይ የድንኳንና የወንበር ሥዕል፣ አጠገባቸው ባዶ ሳጥን። የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ። መዝጋቢ፣ ታዛቢ፣ ጣት ላይ ቀለም የሚቀባ፣ ሁሉም ከራሳቸው። 61 ሰው ድምፅ ሰጠ። ካርቶኑ ተከፈተና ወረቀቱ አንድ በአንድ ከፍ እየተደረገ ተቆጠረ። ወንበር 28፣ ድንኳን 24፣ ውድቅ 9።

ሰብሳቢው "ይደገም!" አሉ። ታዛቢ የነበረችው ልጅ፣ "ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ቆጠራው ላይ ነበሩ" አለቻቸው፣ ፊርማ ያስፈረመቻቸውን ወረቀት እያሳየች። ዝም አሉ። የተገዛው ወንበር ነው።

ትምህርቱ ግን እዚያ 9 ወረቀት ላይ ነበር። አራቱ ሁለቱንም መርጠዋል። ሁለቱ ባዶ ናቸው። አንዱ ላይ "እግዚአብሔር ያውቃል" የሚል ተጽፏል። ሁለቱ ላይ ሰዎቹ ስማቸውን ጽፈዋል። በአራት ድምፅ የተለየ ምርጫ ላይ ዘጠኝ ድምፅ ወድቋል ስል አዳራሹ ጸጥ አለ። ስማቸውን ከጻፉት አንዷ ራሷ ተነሥታ፣ "የኔው ነው" አለች። "ስሜን ካልጻፍኩ ታዲያ የኔ መሆኑ በምን ይታወቃል?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ሦስት ሰው ባንድ ላይ፣ "እንዳይታወቅ ነው እኮ!" ብሎ ጮኸ።

እሷም ካርቶኑን አየች። ተቀላቅለው ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፉትን ወረቀቶች አየች። "እንዴ፣ እውነትም" አለች። ስንት ቀን የለፋሁበትን የድምፅ ምስጢራዊነት አንድ ካርቶን አስተማረልኝ። እኔማ ቢበዛ አንሶላውን ነው የሰቀልኩት።

ከሁሉ የከበደኝ የእስር ጉዳይ ነው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 በቃሌ እወጣዋለሁ። የተያዘ ሰው በምን ምክንያት እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል። ዝም የማለት መብት አለው። ቃል እንዲሰጥ አይገደድም። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የመንገዱ ጊዜ ግን አይታሰብም። ይህን እየደረደርኩ ሳለ ከኋላ አንድ ወጣት ከት ብሎ ሳቀ። "እኔ ዳኛ ያየሁት በዘጠነኛው ቀን ነው። አንቀጹን ለኔ ከምትነግሪኝ ለያዙኝ ሰዎች ብትነግሪልኝ አይሻልም?"

ምን ይመለሳል? እውነቱን ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል ብሎ ብቻ መሄድ ሰው ላይ ማላገጥ ነው። ቤቴ ገብቼ አንድ ሳምንት ስብሰለሰል ከረምኩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን መብት በሦስት ጥያቄ ነው የማስተምረው። ሕጉ ምን ይላል? በተግባር ምን ይሆናል? ያኔ ምን ታደርጋለህ? ጊዜ የሚፈጀው ሦስተኛው ነው፣ እሱንም በቲያትር ነው የምንሠራው።

እኔ ጠረጴዛ ይዤ ፖሊስ ሆንኩ። አንዲት እናት ልጇ ታስሮባት መጣች። "ጌታዬ፣ ልጄን ፍቱልኝ፣ እግርዎ ሥር ልውደቅ!" "ዛሬ አለቃ የለም፣ ነገ ነይ" አልኳት። እሺ ብላ ዞራ ሄደች። ሰዉ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ሁሉም ያውቀዋላ። እንደገና እንሥራው አልን። አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛለች። በትሕትና፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ ሦስት ነገር ብቻ ትጠይቃለች። በምን ተጠርጥሮ ተያዘ? መርማሪው ማነው? ፍርድ ቤት መቼ ይቀርባል? መልሱን እዚያው ፊቴ ትጽፋለች። የውሸት ፖሊስ ሆኜ እንኳ፣ ስትጽፍ ሳያት ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

ከላይ ደግሞ ልጁ የተያዘበትን ሰዓት ትጽፋለች። ቀኑን ብቻ አይደለም፣ ሰዓቱን። 48 ሰዓት ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠር ካልታወቀ መብቱ የት አለ? ጊዜው ካለፈ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚባል፣ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤትን የሚጠየቅበት ነገር እንዳለ፣ ቤተሰብም ሊያቀርበው እንደሚችል እንነጋገራለን። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንደማይሰጥ፣ እዚያው ቀጠሮ ላይ ስለ ዋስትና መጠየቅ እንደሚቻልም እንዲሁ። የዋስትናውን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ስለ ዓመት ፈቃድ ጠየቀችኝ። እኔም ሳላስብ፣ "የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይላል" ብዬ መለስኩ። ማታ ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ አጣሁ። አዋጁ የቤት ሠራተኛን አያቅፍም! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ካሉ ጥቂት አንቀጾች በቀር ይህ ነው የሚባል ሕግ የላትም። በሳምንቱ ሰው ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ አልኩ። ልጅቷ ለእመቤቷ ገና ሳትነግር በመቅረቷ ፈጣሪን አመሰገንኩ። አሁን የማላውቀውን ስጠየቅ "አጣርቼ እመጣለሁ" እላለሁ። ደግሞ እመጣለሁ።

የምርጫውን ቀን ያተምኩበት በራሪ ወረቀትም ነበረኝ። ምርጫው ለነሐሴ 2012 ተቀጥሮ በኮሮና ተራዘመ። ለግንቦት 28 ቀን 2013 ተባለ፣ እንደገና ወደ ሰኔ 14 ሄደ። ያተምኩት ወረቀት ላይ ቤቴ አሁንም የአስቤዛ ዝርዝር እጽፍበታለሁ። ቀን አታትሙ፣ ቦታውን ክፍት ተዉት።

ሰኔ 14 ሰልፉ ረጅም ነበር። ከተማው ውስጥ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። ስሟን ጽፋ ወረቀቷ የወደቀባት ሴትዮ ሰልፉ ላይ አገኘችኝና ጣቷን አሳየችኝ። አንዴ መርጣ ወጥታ፣ ለጎረቤቷ ወንበር ልታመጣ ተመልሳ ነው። የእድሩን ወንበር።

በ2015 መጀመሪያ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። በቲያትሩ ላይ እናት ሆና የሠራችው ሴት ናት። ልጇ እውነት ታሰረ። አላለቀሰችም። "ትናንት ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ነው የያዙት። ጽፌዋለሁ። መርማሪውንም ጽፌያለሁ። ፍርድ ቤት ነገ ነው ብለውኛል" አለችኝ። ቀረበ፣ ግን በማግስቱ አመሻሽ ላይ ነው የቀረበው። ዳኛዋ ቤተሰብ የሚለው ነገር ካለ ብለው ሲጠይቁ እጇን አውጥታ ተነሣች። "ክብርት ሆይ፣ አርባ ደቂቃ አልፏል" አለች።