ሽንት ያመልጣቸዋል

እኒያን አባት ቅዳሜ ማታ በርክክብ ነው የተቀበልኳቸው። የቀን ተረኛዋ ቻርቱን ይዛ፣ «72 ዓመታቸው ነው፤ ከሐርቡ አካባቢ ናቸው። ድካም፣ ማስታወክና ስቅታ ይዟቸው ነው የገቡት። ክሬቲኒን 6.8። አልትራሳውንድ ሰኞ ይሠራላቸዋል። ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ዳይፐር አድርገንላቸዋል» አለችኝ። እኔም ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፍኩ።

ክሬቲኒን ኩላሊት ከደም እያጣራ የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው፤ የጤነኛ ሰው ከ1.2 ብዙም አያልፍም። 6.8 ሲባል ሁላችንም ያሰብነው ኩላሊታቸው መድከሙን ነው። ወንድ ልጃቸውም ይህንኑ ሰምቷል። «እጥበት» የሚለው ቃል ከማን አፍ እንደወጣ አላውቅም፤ ኮሪደር ላይ ቆሞ በስልክ በሬ ስለመሸጥ ሲነጋገር ግን ሰማሁት። በየመንገዱ በድምፅ ማጉያ ለኩላሊት ሕመምተኛ ገንዘብ ሲለመን ያየ ቤተሰብ ይህን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ።

ያን ሌሊት የታዘዘላቸውን ግሉኮስና ሳላይን አንጠለጠልኩ፤ ዳይፐራቸውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ቻርቱ ላይ የገባውን ፈሳሽ በሚሊ ሊትር ጻፍኩ። በወጣው በኩል ከእኔ በፊት «በዳይፐር» ተብሎ ተጽፏል፤ እኔም «በዳይፐር፣ ሽንት አላቸው» ብዬ ጨመርኩበት። ምን ያህል እንደሆነ አልጻፍኩም። እርጥብ ዳይፐር በሚዛን ሊለካ እንደሚችል፣ የደረቁ ክብደት ሲቀነስለት አንዱ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ እንደሚሆን ተምሬአለሁ። የሕፃናት ሚዛን ደግሞ ከእኛ ዋርድ ሃያ እርምጃ አይርቅም። አልሄድኩም። የሚገባውን በቁጥር፣ የሚወጣውን በቃል እየጻፍን ሁለት ቀን ነዳናቸው።

እሑድ ሌሊት ነገሩ ተለወጠ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልጅየው ቀሰቀሰኝ ማለት ይቀላል እንጂ ተኝቼ አልነበረም፤ በሌላ በሽተኛ ላይ ነበርኩ። «ሲስተር፣ አባቴ አላርፍ አሉ፤ ጋቢውን ከሆዳቸው ላይ ይገፉታል፤ ሆዳቸውንም አያስነኩኝም» አለኝ። የደም ግፊታቸው 180 በ100 ሆኗል። ኩላሊት ያላጣራው መርዝ ደም ውስጥ ሲከማች ጭንቅላት ያውካል፤ ይሄም እሱ ነው ብዬ አሰብኩ። የሚያረጋጋ መድኃኒት ይታዘዝላቸው ዘንድ ሐኪሙን ልደውልለት ስልኩን አንስቼ ነበር። ከመደወሌ በፊት ግን ዳይፐሩን ልይ ብዬ ጋቢውን ገለጥኩ።

ዳይፐሩ እርጥብ ነው፤ ግን ያለው የአንድ ስኒ ያህል አይሆንም። ከእምብርት በታች ሆዳቸው ተነስቷል። ከሲታ ሰው ናቸው፤ ጎናቸው ላይ አጥንት ይቆጠራል፤ ከእምብርታቸው በታች ግን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ይመስላሉ። እጄን አሳረፍኩበት። ጠጣር፣ ክብ፣ ዳር ዳሩ የሚታወቅ ነገር። በጣት ሳንኳኳው የአየር ድምፅ የለውም፤ ውሃ እንደሞላ ጀሪካን ድፍን ነው። ጥቂት ጫን ስል ፊታቸውን አኮማትረው «ሽንቴ፣ ሽንቴ!» አሉ።

እጄ እዚያው እንዳለ ክው አልኩ። ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ እኛ ዘንድ ተኝተዋል፤ የተነካ እጃቸው እንጂ ሆዳቸው አይደለም።

ልጅየውን ሙቅ ውሃ እንዲያመጣ ላክሁት፤ አባት በልጁ ፊት የማይናገረው ነገር አለ። ዝቅ ብዬ፣ «አባቴ፣ ሽንትዎ አጥጋቢ ሆኖ የወጣልዎት መቼ ነው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጄ፣ ከረመዳን ወዲህ መስጊድ አልገባሁም» አሉኝ።

መጀመሪያ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። እሳቸው ቀጠሉ። ለሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው፣ ከሰጋጆች ሰልፍ ሲቆሙ ይንጠባጠብባቸዋል፤ ውዱኡ ይፈርሳል። ሽንት ቤት ሲሄዱ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ያምጣሉ፤ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርድና ይቋረጣል። ሌሊት አልጋ ያረጥባሉ። ጎረቤት «ምን ሆኑ?» ሲላቸው ወገቤን አሞኝ ነው ይላሉ። ሽንቱ እንዲቀንስላቸው ውሃ መጠጣት ተዉ። ያ የሐርቡ ሙቀት እያለ በቀን አንድ ብርጭቆ! ከዚያ ደሴ ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡና የጦሳ ተራራ ብርድ መታቸው፤ የጉንፋን ክኒን ተገዝቶ ተሰጣቸው። «ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ዘጋብኝ» አሉ።

ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ያለው ንፍጥ የሚያደርቀው መድኃኒት የሽንት ፊኛን ጉልበት ያደክማል፤ አፍንጫ የሚከፍተው ደግሞ የፊኛውን አንገት ያጠብቃል። ፕሮስቴቱ፣ ከፊኛው ሥር መሽኛውን የከበበው የወንዶች ዕጢ፣ ላበጠበት አዛውንት ሁለቱም አይሆኑም። የፋርማሲ ሰዎች ይህን ቢጠይቁ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር፤ እኛ ግን ሐኪም ቤት ተቀምጠን አልጠየቅንም።

የሞላ እንስራ ላይ ውሃ ቢጨመርበት በአፉ ይፈሳል፤ ስለፈሰሰ ባዶ ነው የሚል የለም። ያዋቂ ሰው ፊኛ 400 ወይም 500 ሚሊ ሊትር ሲሞላ ሰውየውን አያስቀምጠውም። መውጫው ቀስ በቀስ ሲጠብ ግን ፊኛው ይለጠጣል፤ ይለምደዋል፤ ሕመሙም ይጠፋል፤ ትርፉ ብቻ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ግፊቱ ወደ ላይ ተመልሶ ኩላሊቶቹን ያጨናንቃቸዋል፤ ክሬቲኒኑ ይወጣል። በሕይወቱ አልጋ አርጥቦ የማያውቅ ሽማግሌ ሌሊት ማርጠብ ከጀመረ ፊኛው ሞልቶ እንዳይሆን መጠርጠር ነው። እኛ ያንን ምልክት አይተን ዳይፐር አለበስነው።

ተረኛው ሐኪም ስደውልለት ከድንገተኛ ክፍል መጣ፤ እጁን ሆዳቸው ላይ አሳረፈና ወዲያው ጓንት ጠየቀኝ። የሚያደነዝዝ ሊዶኬን ጄል አስገብተን ጥቂት ደቂቃ ጠበቅን። 16 ቁጥር ፎሊ ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣው ቱቦ፣ ገባ። ሽንት ሲፈስ ያየ ወጣት ነርስ ቱቦውን ውስጥ የምታስቀረውን፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ባሉን ወዲያው በውሃ ለመንፋት ይቸኩላል፤ እኔ ለተማሪዎች ደጋግሜ የምለው፣ ቱቦው ለሁለት እስከሚከፈልበት ሹካ ድረስ ካልገባ አትንፉ ነው፤ መሽኛው ውስጥ ከተነፋ ይቀደዳል፣ ይደማል። በትምህርት ቤት እየቆነጠራችሁ በየ500 ሚሊ ሊትሩ አውጡ ተብለን ነበር፤ ዛሬ ግን ባንዴ መልቀቁ ጉዳት እንደማያመጣ ታይቷል። ለቀቅነው። 1,700 ሚሊ ሊትር ወጣ። ሰውየው ዓይናቸውን ጨፍነው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እንቅልፉ ለእሳቸው እንጂ ለእኔ አልነበረም። የታፈነ ኩላሊት ሲፈታ ጨውና ውሃ መቆጠብ ለጊዜው ያቅተዋል። በሰዓት ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ለተከታታይ ሁለት ሰዓት ከወጣ፣ ወይም በቀን ከ3 ሊትር ካለፈ፣ ሰውየው በሽንቱ ሊደርቅ ይችላል። መለኪያ ማሰሮ ስላልነበረን የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጬ፣ በመርፌ ሲሪንጅ ውሃ እየለካሁ ጎኑን በፕላስተር ምልክት አደረግኩበት። በመጀመሪያው ሰዓት 350፣ በሁለተኛው 410። ንጋት ላይ ግፊታቸው 100 በ60 ወርዶ፣ የልብ ምታቸው 112 ሆነ። ለሐኪሙ ቁጥሩን ሳነብለት፣ ከሚወጣው ግማሹን ያህል በሳላይን እንድተካ አዘዘኝ። የወጣውን ሁሉ ብንተካ ኩላሊቱ ያንኑ መልሶ ያወጣዋል፤ ማብቂያ የለውም። ግማሽ ግማሹን እየተካን፣ በየሰዓቱ እየለካን፣ ጠዋት ክብደታቸውን እየመዘንን ሁለት ቀን ቆየን።

ሰኞ አልትራሳውንዱ ሁለቱም ኩላሊቶች ውስጥ ሽንት ማቆሩንና ፕሮስቴቱ መተለቁን አሳየ። ክሬቲኒኑ በሦስተኛው ቀን 3.1፣ በሳምንቱ 1.7 ሆነ። ለልጅየው «እጥበት የለም፤ በሬህን አትሽጥ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ።

አንድ ነገር ሊያመልጠኝ ነበር። ማክሰኞ ለጥየቃ ዘመድ ሲበዛ ልጅየው ሽንቱ የሚጠራቀምበትን ከረጢት ከአልጋው ብረት አንስቶ ጋቢ ሥር፣ ሆዳቸው ላይ ያስቀምጠዋል። እዚያ ሲሆን የወጣው ሽንት ወደ ፊኛው ይመለሳል፤ ኢንፌክሽን የሚገባውም በዚህ ነው። «ከፊኛ ከፍ አታድርገው» ብዬ ተቆጣሁት። ሲያጎነብስ ግን ገባኝ፤ አባቱን ከሰው ዓይን እየሸሸገ ነው። ቁጣዬን ትቼ አንድ አሮጌ የትራስ ልብስ አምጥቼ ከረጢቱን አለበስኩትና ከብረቱ ላይ መልሼ አንጠለጠልኩት፤ መሬትም እንዳይነካ ከፍ አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ አላነሳውም።

አዛውንቱ ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነበር። «ይህ ቱቦ እያለብኝ ሶላት እንዴት ይሆናል?» አሉኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የማላውቀውን አልመልስም። ሙስሊም ባልደረባዬን ጠራሁላቸው። አጠገባቸው ተቀምጣ፣ «አብሽር አባቴ፤ ሽንቱ የማይቆምለት ሰው ለየወቅቱ ሶላት ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ በዚያ ይበቃዋል። ይህ ለእርስዎም ነው» አለቻቸው። ዝም ብለው ረጅም ጊዜ አዩአት። «ታዲያ እነዚያን ወራት ምነው አልሰማሁ!» አሉ።

ከዚያን ዕለት ወዲህ ቀጣይ በሽተኛ ስቀበል «ሽንት ያመልጣቸዋል» ከተባለኝ፣ ርክክቡ ሳያልቅ አንዴ ይፍቀዱልኝ ብዬ እጄን ከእምብርታቸው በታች አሳርፋለሁ፤ «ሲጨርሱ ቀረኝ ይልዎታል? ሌሊት ይነሳሉ?» ብዬም እጠይቃለሁ። ሽማግሌዎችን ሰው ሲበዛ አልጠይቅም።

አዛውንቱ ያን ዕለት አስር ሰዓት ላይ አልጋቸውን ወደ ሰሜን እንድናዞርላቸው ጠየቁን፤ ከደሴ መካ ቀጥ ብላ ወደ ሰሜን ናት። አልጋውን አዞርን፣ ከረጢቱንም በአዲሱ በኩል ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ተቀምጠው ሰገዱ። እስኪጨርሱ ጠብቄ ሃይላንዱን ይዤ ሄድኩና ለካሁ። የሰዓቱ ሽንት 90 ሚሊ ሊትር ነበር፤ ቻርቱ ላይ በቁጥር ጻፍኩት።