ሜትር ይዤ ሐዲድ ለካሁ፣ ክርክሩንም ተሸነፍኩ

አዳማ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን የባቡር ታሪክ የምንጨቃጨቅ አራት ነን። ስድስተኛ ወራችን ነው። እስካሁን ድርቅ ያልኩበት ነገር ነበረኝ። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በአንድ ሜትር ስፋት መዘርጋቱ ትልቅ ስህተት ነው እል ነበር። ማስረጃዬም ቀላል ነበር፦ በ2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዓለምም በአብዛኛው የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። አለቀ።

መጀመሪያ ራሴ ልለካ ብዬ አሮጌው ሐዲድ ካልተነሳበት አንድ ቦታ ሄድኩ። ከሜትር በላይ መጣልኝ። "አያችሁ፣ ልኩን እንኳ አልጠበቁም!" ብዬ ፎከርኩ። ለካ የምለካው ከውጭ ጠርዝ ነው። ስፋት የሚለካው በሁለቱ ሐዲዶች ውስጠኛ ጠርዝ መካከል ነው። እስካሁን ይስቁብኛል።

ከዚያ ወደ ታሪኩ ገባን። ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለኢልግና ለፈረንሳዊው ነጋዴ ለሙሴ ሸፍኔ የባቡር መስመሩን እንዲሠሩ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ነው። ድሬዳዋ በ1895 የደረሰው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። መሃል ላይ ኩባንያው ከስሮ ሌላ ተተክቷል፤ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጣሊያን ሽኩቻም ነበረበት። መንገዱ ደግሞ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ሐዲዱ ጠበብ ሲል ጠመዝማዛው ላይ አጥብቆ መታጠፍ ይቻላል። የሚቆረጠው ተራራ ያንሳል፤ ወጪውም እንዲሁ። በጠባቡም ገንዘብ ያለቀበት ሥራ በሰፊው ቢጀመር የት ይደርስ ነበር? መልስ አጣሁ።

አንዱ ጓደኛችን እንግሊዞችን አመጣ። መሐንዲሳቸው ብሩኔል 2,140 ሚሊ ሜትር ዘርግቶ ነበር። ሁለቱን ስፋቶች ለማወዳደር በተደረገው ውድድር ፈጣኑ የእሱ ባቡር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1846 ግን የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው ሕግ ለ1,435 ፈረደ፤ ቀድሞ ብዙ ቦታ የተዘረጋው እሱ ነዋ! ልኩ የመጣው ደግሞ ከድንጋይ ከሰል ማመላለሻ ጋሪዎች ነው። "ያሸነፈ ሁሉ ትክክል ነበር እያልክ ነው የምትፈርደው" አለኝ። ልክ ነው። ከዛሬ ተነስቼ ነበር የምፈርደው።

የጨረሰኝ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። በ1,067 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ከ300 በላይ ፉርጎ ማዕድን በአንድ ባቡር ይጎተታል። ጠባብ ማለት ደካማ ማለት አይደለም።

ሁሉንም አልለቀቅኩም። ባቡር ላይ የሠሩ አንድ ጋሼ ሲያዳምጡን ቆይተው፣ "ስፋቱን ትጨቃጨቃላችሁ፤ የብረቱን ክብደትስ ጠይቃችኋል?" አሉን። ጥያቄው ከበደኝ። የያኔው ሐዲድ ቀጭን ነበር፤ ዛሬ ከባድ ጭነት በሚበዛበት መስመር አንዱ ሜትር ሐዲድ 60 ኪሎ መመዘኑ የተለመደ ነው። ወቀሳ ካለኝ ወደዚያ ላዞረው ነው። ስፋትን በኋላ መቀየር አሳር ነው፤ ብረትን ግን ቀስ በቀስ በወፍራም መተካት ይቻላል። ቶሎ ተተክቶ ነበር ወይ? ቀጣዩ ቅዳሜ የዚህ ነው።

የዛሬውን ቡና የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ የተረታ ይክፈል ብለን ተስማምተን ነበር።