ለሁሉም ማርክ ይሰጥ

የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ላይ አንድ የእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ ነበር። «4294967297 ፕራይም ነው» ይላል፤ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈልም። የመልስ ቁልፉ ላይ «እውነት» ተብሏል። ጥያቄው ከድሮ ሀንድአውት ተገልብጦ የመጣ ነው።

አንዲት ተማሪ «ሐሰት» ብላ መለሰች። ከጎኑ በእርሳስ 641 × 6700417 ብላ ጽፋለች። ኤክስ ገባባት። ወረቀቷን ይዛ እኔ ጋ መጣች፤ እኔም ይዤው ወደ ዲፓርትመንት ኃላፊው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ቁልፉ ተሳስቷል» አልኳቸው።

«ይሄ እኮ የፌርማ ቁጥር ነው። 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመር። አንተ ፌርማን ልታርም ነው?»

«ኦይለር አርሞታል ጋሼ። እ.ኤ.አ. በ1732።»

ሁለቱም የድሮ የሒሳብ ሊቆች ናቸው። ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፈው ደብዳቤ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመር የሚመጡት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ፕራይም መሆናቸውን አይቶ፣ በዚሁ መንገድ የሚመጡትም ሁሉ ፕራይም ናቸው ብሎ አመነ። ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። አምስቱ ልክ ናቸው። ስድስተኛው ይሄው የኛ ቁጥር ነው፣ እሱ ላይ ግምቱ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ካሉትም እስካሁን ፕራይም ሆኖ የተገኘ አንድም የለም።

ጋሼ ካልኩሌተራቸውን አውጥተው ለ641 አካፈሉት። 6700417 መጣ፣ ነጥብ የለውም። ትንሽ ዝም አሉና «ካልኩሌተር ያጠጋጋል» አሉኝ።

ይህን ሲሉ አከበርኳቸው። ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው። ስክሪኑ አሥር አኃዝ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ከኋላ የተቆረጠ ነገር ቢኖር አይታይም። ወረቀት ስቤ በእጅ አባዛሁት። በ1፣ በ40፣ በ600፣ ከዚያ ድምር። 4294967297 ወጣ። አንድም አኃዝ አልተዛነፈም።

«እሺ፣ እሷ 641ን ከየት አመጣችው? ስልክ አይታ ነው።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ልጅቷ የሆነ ቦታ አንብባው ይሆናል። ማንበብ ደግሞ ኩረጃ አይደለም። 641 እኮ ተደብቆ የተቀመጠ ቁጥር አይደለም። ኦይለር ይህን ቁጥር የሚያካፍል ፕራይም ካለ፣ የ64 ብዜት ላይ 1 ተጨምሮ የሚገኝ መሆን እንዳለበት አሳይቷል። እንግዲህ የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያ 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ አለቀ። ሌላም የሚያምር መንገድ አለ። 641 ማለት 5 × 128 + 1 ነው፤ ደግሞም 625 + 16 ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ ተነስቶ ያለ ምንም ካልኩሌተር፣ በጥቂት መስመር፣ 641 ያንን ሁሉ ቁጥር እንደሚያካፍል ማሳየት ይቻላል። ለጋሼ ጻፍኩላቸው። እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ልክ ነው» አሉ። «ጥያቄው ይሰረዝ። ለሁሉም ማርክ ይሰጥ።»

ለሁሉም! «እውነት» ያለውም፣ ሳያነብ ያከበበውም፣ ባዶ የተወውም ያቺን አንድ ማርክ አገኘ። እሷም አገኘች። ሮስተሩ ላይ ስታዩት ከማንም አትለይም። ቁልፉ ይስተካከልና እንደገና ይታረም ብዬ ብለምን «ወላጅ ይጮኻል፣ ተወው» አሉኝ። ያ ውሳኔ ዛሬም አይዋጥልኝም። ስህተቱ የኛ፣ እውነቱ የእሷ ነበር፤ እኛ ግን ሁለቱን እኩል አደረግናቸው።

አሁን ፈተና የማወጣው እኔ ነኝ። ጥያቄውን አልጣልኩትም፤ «641 ይህን ቁጥር እንደሚያካፍል አሳዩ» ብዬ ቀይሬዋለሁ። ማርኩ ለአሠራሩ ነው። አራሚ ሆኖ የሚመጣ መምህር ሁሉ «ይሄማ ጊዜ ይፈጃል» ይለኛል። አዎ፣ ይፈጃል።