ወደ እንጦጦ የተመለስኩት በታክሲ ነው

እንጦጦን የማውቀው ፓርክ ከመሆኑ በፊት ነው። ያደግኩት ሺሮ ሜዳ፣ ከሀገር ልብስ ሱቆቹ ጀርባ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳገቱን እስከ ማርያም ወጥቶ፣ በራጉኤል በኩል ጫካውን ዞሮ መመለስ ለኛ ቤት ሽርሽር አልነበረም፤ ልማድ ነው። ትዳር ይዤ ሰፈር ስቀይርም አልተውኩትም። እና ሐኪሜ “እንጦጦን ለጊዜው እርሺው” ሲሉኝ ከበሽታው ይልቅ እሷ ነገር አስከፋችኝ።

ነገሩ የጀመረው በእግር ስብራት ነው። ደረጃ ላይ ወደቅኩ፣ ጀሶ ታሰረልኝ፣ ብዙ ተኛሁ። ጀሶው ከተፈታ በኋላ አንደኛው ባቴ አበጠ። ቀጥሎ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ጎኔን ወጋኝ። ጎረቤት ሁሉ “ብርድ ነው” አለ። አንዷማ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ አመጣችልኝ። ለካ እግሬ ውስጥ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባዬ ገብቷል። እግር ለረጅም ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ደም እዚያው ሊረጋ ይችላል፤ ስብራትና ቀዶ ጥገና ደግሞ ያባብሱታል። ባት በአንድ በኩል አብጦ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ዳማ ከሴ እየጠጡ መጠበቅ የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከሆስፒታል የወጣሁት ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይዤ ነው። የዚህ መድኃኒት ጣጣው ልኩ ነው። ካነሰ ደሙ ይረጋል፤ ከበዛ ያደማል። ስለዚህ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳይ፣ አይኤንአር የሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው አለ፤ የኔ ቁጥር ከ2 እስከ 3 መሃል መሆን አለበት። እዚህ ላይ ደግሞ ጎመን ትመጣለች። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ጉልበት ያዳክማል። ሐኪሜ “አትብዪ” አላሉኝም፤ “መጠኑን አታለዋውጪ” ነው ያሉኝ። በፍስኩ ዞር ብሎ ያላያትን ጎመን ጾም ሲገባ በየቀኑ የሚበላ ሰው ነው ልኩ የሚዛባበት። ስለዚህ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ሄጄ ነገርኳቸው፤ ምርመራዬን አቀራረቡልኝ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ከዋርፋሪን ጋር ደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ፣ ጉልበቴን ሲያመኝ በራሴ ፋርማሲ ገብቶ መግዛት ቀረ።

አሁን ወደ ተራራው። አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሳንባው ገና ላላገገመ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ሐኪሜ መጀመሪያ የሆስፒታሉን ኮሪደር ለስድስት ደቂቃ አስሄዱኝ፤ ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰክተው። ከዚያ የሰፈር አስፋልት፣ ሜዳ ሜዳውን ብቻ። ወራት እንዲሁ አለፉ።

አንድ ቀን ግን አንድ ነገር አሰብኩ። እኔን የሚጥለኝ ከፍታው ነው ወይስ ዳገቱ? ዳገቱ ነው። ጫፉ ላይ ከተወጣ በኋላ እኮ ብዙው መንገድ ለጥ ያለ ነው። “በታክሲ ወጥቼ፣ ላይ ላዩን ትንሽ ተራምጄ፣ በታክሲ ብመለስስ?” ብዬ ጠየቅኳቸው። መለኪያዋን ይዤ፣ ሰው አስከትዬ ከሆነ ይሁን አሉ።

የመጀመሪያ ግቤ ከማርያም ደጃፍ እስከ ምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥት ነበር። ቦታውን የሚያውቅ ይስቃል፤ ጎን ለጎን ናቸው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ዘውድ የደፉት እዚያችው ማርያም ነው፤ ከሥርዓቱ በኋላ ቤታቸው ለመድረስ ከኔ ያነሰ ሳይፈጅባቸው አይቀርም። ቢሆንም ደረስኩ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጫካው መግባት ጀመርኩ። የምሄደው ከታናሽ እህቴ ጋር ነው፤ ፍጥነቴን የምለካውም በወሬ ነው። እየተራመድኩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልኩ ልኬ ነው። ቃሉ ከተቆራረጠ በዝቷል። ጥሎብን ሐሜት ስለምንወድ መለኪያው አስተማማኝ ነው። የምመለስበትን ደግሞ በቦታ አልወስንም። “እስከዚያች ዛፍ” ያለ ሰው ዛፏ ጋ ሲደርስ ሌላ ዛፍ ያያል። ስልኬ ላይ አላርም እሞላለሁ፤ ሲጮህ የትም ልሁን እዞራለሁ። አጎቴ አንድ ጊዜ አብሮን መጥቶ “አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረው” እያለ ሊያስቀጥለኝ ሞከረ። እወደዋለሁ፤ ግን ሁለተኛ አልጠራሁትም።

አስተራረፉን ያስተማሩኝ እንጨት ተሸካሚዎቹ እናቶች ናቸው። ልጅ ሆኜ ጀምሮ አያቸዋለሁ፤ ጎንበስ ብለው፣ ከራሳቸው ቁመት የሚረዝም የባሕር ዛፍ ሸክም ወገባቸው ላይ አጋድመው ቁልቁል ይወርዳሉ። እንዴት እንደሚያርፉ ግን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ጠርዙ ወገብ ድረስ የሚሆን ድልዳል ይመርጣሉ። ጀርባቸውን ሰጥተው ሸክሙን እዚያ ላይ ያስደግፉታል። ገመዱ ከደረታቸው ላላ ይላል፤ እነሱ ግን እንደቆሙ ናቸው። አንዷን እማማ “ለምን ፈታ አድርገው አይቀመጡም?” አልኳቸው። “መሬት ካስቀመጥኩት ማን ያነሳልኛል?” አሉ። “ቦታው የታወቀ ነው። ቢደክመኝም ባይደክመኝም እዚህ ጋ አርፋለሁ።”

እኔም የማርፍባቸውን ቦታዎች ለየሁ። ባይደክመኝም እቆማለሁ። መለኪያዋን ጣቴ ላይ እሰካለሁ፣ ውሃ እጎነጫለሁ፣ እቀጥላለሁ። እስኪያለከልከኝ ጠብቄ ባርፍ ኖሮ ያን ቀን እዚያው ያበቃ ነበር።

ሌላው መሬቱ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መውደቅ የለበትም፤ በተለይ ጭንቅላቱን መመታት። ባሕር ዛፍ ሥር ያሉት ትናንሽ ፍሬዎች ጫማ ሥር ገብተው ይሽከረከራሉ። ደረቅ ቅጠሉም ያንሸራትታል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከዘራ ይዣለሁ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ አሁን ግን ውሻም ታባርርልኛለች። ከቻልኩ የምመርጠው ጽድና ኮሶ ያለበትን በኩል ነው፤ እግር እዚያ ይረጋል። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ የተነጠፉት መንገዶችም አሉ። ድሮ አኩርፌባቸው ነበር፤ “ጫካ አስፋልት ምን ይሠራለታል?” እያልኩ። አሁን ከነሱ ጋር ታርቀናል። በጠዋት ጅብም ብርዱም ስላለ ከሁለት ሰዓት በፊት አልገባም።

እስካሁን በራጉኤል በኩል ዞሬ መመለስ ችያለሁ። ከሺሮ ሜዳ በእግር መውጣቱን ግን ገና አልሞከርኩትም፤ ሐኪሜ “ክረምቱ ይለፍና እናያለን” ብለዋል። እስከዚያ በታክሲ ነው የምወጣው። ጋቢና ከተገኘ ደግሞ ምን እላለሁ።