ካርታው ላይ የሰፋው አረንጓዴ

ዛሬ ከተማሪዎቼ ጋር የሳተላይት ምስል ስናነብ ዋልን። አንዷ ደስ ብሏት "ደኑ እኮ ጨምሯል!" አለች። እውነትም አረንጓዴው ሰፍቷል። ቀረብ አድርገን ስናየው ግን አዲሱ አረንጓዴ በመስመር የተተከለ አንድ ዓይነት ዛፍ ነው።

የእኛ ሙያ ደስ የሚለኝ እዚህ ጋ ነው። ጤነኛ ቅጠል አብዛኛውን ቀይ ብርሃን ለራሱ ያስቀራል፤ ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ደግሞ በብዛት ያንጸባርቃል። ሳተላይቱ ይህን ልዩነት ለክቶ ልምላሜውን ይነግረናል። ውስጡ ማን እንደሚኖር ግን አይነግረንም። ስፋት ብቻውንም አይበቃም። ያው ደን ተቆራርጦ ሲበታተን ጠርዙ ይበዛል። ነፋስና ሙቀት ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጥላ የለመዱ ዝርያዎች መጠጊያ ያጣሉ። ስለዚህ መስክ መውረድ ግድ ነው።

ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን ፎቶ ሲያነሱ ኖረዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ምስሎቹ በነጻ ሲለቀቁ ሥራችን መልኩን ቀየረ። እኔን የሚያሳስበኝ የመሬት ላይ ክትትሉ ነው። የምርምር ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ዓመታት ይሰጣል፤ ደን ግን ለውጡ በአስርት ዓመታት ነው የሚታየው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ልኬቱም ይቆማል። ያለፈውን ዓመት ደግሞ ተመልሶ መለካት አይቻልም። በጣም ያናድደኛል!

ወጣት ተመራማሪዎች የሚመዘኑት ባሳተሙት ጽሑፍ ብዛት ነው። አንድን ልኬት ሳያቋርጡ ማቆየትም ለእድገት ሊቆጠርላቸው ይገባል። በሚቀጥለው የትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ላይ ይህንኑ አነሳለሁ።