ወለል የሌለው ማስታንግ

ሰሞኑን ሥራዬ ሁሉ የመኪናው ወለል ላይ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ወለሉ በነበረበት ቦታ ላይ። የሹፌሩን ምንጣፍ ገልጬ ሳይ የጋራዤ ሲሚንቶ ታየኝ። የቀረውን ላሜራ ከስር ባትሪ ሳበራበት እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል።

መኪናው የ1967 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ማስታንግ ነው። አዮዋ ውስጥ ከአንድ ገበሬ ጎተራ ነው ጎትቼ ያመጣሁት። ኮፈኑን ከፍቶ በሹፌሩ በኩል የውስጡን ላሜራ ላየ ሰው፣ የተመታው ቁጥር 7ኤፍ01ሲ ብሎ ይጀምራል። 7 ዓመቱ ነው። ኤፍ ሚሺጋን፣ ዲርቦርን ፋብሪካ መሠራቱን ይናገራል። 01 ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያው የማይከፈት። ሲ ደግሞ 289 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 4.7 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር። ያኔ ሲሸጥ 200 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ነበር። አሁን በመፍቻ ቁልፍ ይዤ ላዙረው ብል እንኳ እምቢ ብሏል።

ማስታንግ “ፖኒ ካር” (ትንሽ ስፖርታዊ መኪና) እንጂ “ማስል ካር” (ትልቅ ሞተር የተጫነበት ጉልበተኛ መኪና) አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። እነሱ የማስል ካርን ዘመን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. በ1964 ፖንቲያክ መካከለኛ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር ጭኖ ጂቲኦ ብሎ ካወጣው ጀምሮ ነው። አልከራከራቸውም። ዝገቱ እንደሆነ ለሁሉም እኩል ነው።

የሚገርመኝ የዚያ ዘመን አጨራረስ ነው። የኢንሹራንስ ዋጋውና የጭስ ሕጉ ቀድመው አዳክመውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ የአረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ ደግሞ ጭራሽ አበቃለት። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው የ1974ቱ ማስታንግ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር እንኳ አልነበረውም። በዚያው የነዳጅ ችግር አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ተወደደ። የካቲት 1966 ዓ.ም. ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ አሜሪካ ነዳጁ የመኪና ዓይነት ቀየረ፣ እኛ ጋ መንግሥት ሲቀየር አንዱ ሰበብ እሱ ነበር።

ወደ ወለሉ ልመለስ። ውሃው የገባው ከላይ ነው። በኮፈኑና በፊት መስታወቱ መሀል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላሜራ አለ፣ ለአየር ማስገቢያ። ከስሩ ሌላ ላሜራ ተበይዶ እንደ ዝግ ሳጥን ሆኗል። ቅጠል ይገባበታል፤ ቅጠሉ እርጥበት ይይዛል፤ ብረቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በቀጥታ የሹፌሩ እግር ላይ ነው። የጎማ ቱቦ ይዘህ ላዩ ላይ ውሃ ብትለቅና ውስጥ ምንጣፉ ቢረጥብ፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የእኔን ስሞክረው ፏፏቴ ነበር። ያንን ሳጥን ለመክፈት ፋብሪካው የመታውን የብየዳ ነጥብ አንድ በአንድ በመሰርሰሪያ ማውጣት ግድ ነው። ከምወደው ሥራ አይደለም።

አዲስ አበባ፣ ቄራ አካባቢ ጋራዥ የነበራቸው አጎት አሉኝ። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ጋ ነበር የምውለው። ቮልስ ሲጠግኑ አያለሁ፤ ከበርሜል ላይ የተቆረጠ ላሜራ ይቀጠቅጣሉ፣ ይለካሉ፣ ይለጥፋሉ። እኔም እንደዚያው አሮጌውን ብረት ሳልነካ፣ ቀዳዳ ቀዳዳውን ብቻ እየለጠፍኩ ልሠራው አስቤ በቪዲዮ አሳየኋቸው።

“አንተ ልጅ፣ ይሄ ምኑ ነው መኪና? አጽም እኮ ነው!”

“ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚሠሩት ቀስ እያልኩ ልለጥፈው ብዬ ነው።”

“እኔ የምለጥፈው አዲስ ላሜራ ስለማላገኝ ነበር። ባገኝማ ነቅዬ ነበር የምጥለው! አንተ ሙሉ ወለል ታዝዞ ደጅህ ድረስ እየመጣልህ ምን ሆነህ ነው የምትጣፍ? ጤነኛ ብረት እስክታገኝ ቁረጥ። ዝገት ላይ ብየዳ አይዝም።”

ምን እላለሁ? ለእኔ የልጅነት ትዝታ የሆነው ነገር ለእሳቸው የዕቃ እጦት ነበር። ወለሉን አዘዝኩ።

ግን ሁሉም ነገር የሚገዛ ከሆነ የት ላይ ነው የሚቆመው? የ1967 ማስታንግ ሙሉ ቦዲ እንኳ ዛሬ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ትንሽ አሰቡና “እሱማ ሌላ መኪና ነው” አሉ። እኔም እዚያ ላይ ቆሜያለሁ። ወለሉና ያ የውሃ ሳጥን ይቀየራሉ። ጣሪያው፣ በሮቹ፣ የኋላ ጎኖቹ ግን ስንት ስቱኮ ቢፈጁም ይቆያሉ።

ይህ መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። ወለሉና ጎኑ ተበይደው ነው የሚሸከሙት። ዝም ብሎ ወለሉን ያነሳ ሰው ቦዲው ይጎብጥበታል፣ በሩም ከዚያ ወዲያ አይገጥምለትም። ስለዚህ መጀመሪያ የበሮቹን ክፍተት በካሬ ቱቦ ብረት ወጠርኩ። አንዱ ጎን ተበይዶ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ላሜራው 1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ብየዳው ትንሽ ከቆየበት ይበሳል፤ በተከታታይ ከሄደበት በሙቀት ይጣመማል። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ ራቅ ብሎ እዚያ፣ ሲቀዘቅዝ መሀሉን። ክፍተት ያለበት ጋ ከጀርባ የመዳብ ቁራጭ እደግፋለሁ፤ ብየዳ መዳብ ላይ አይጣበቅም።

ትንንሾቹን ዕቃዎች በኤሌክትሪክ ነው የማጸዳው። ባልዲ ውሃ፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ የባትሪ ቻርጀር። ኔጌቲቩ የዛገው ዕቃ ላይ፣ ፖዘቲቩ የማይፈለግ ቁራጭ ብረት ላይ። የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጂን ስለሆነ ደጅ ላይ ነው የማደርገው። ማታ የነከርኩት ጠዋት ሲወጣ ዝገቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ በብሩሽ ይለቃል። ቁራጩ ግን ስቴንለስ እንዳይሆን! ውሃው ውስጥ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል።

እኛ የምንኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ብርዱ ሲገባ መንገዱ ሁሉ ጨው ይበተንበታል። ጨው ያለበት ውሃ ብረት ሲያዝግ ከተራው ውሃ በጣም ይፈጥናል። ጋራዡን ማስታንጉ ስለያዘው የባለቤቴ ደህና ቶዮታ ደጅ ነው የምታድረው። ትናንት መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

“አንተ የዛገውን ስታድን የእኔ እየዛገች እኮ ነው። መቼ ነው የምትገባው?”

ከብርዱ በፊት አልኳት። የትኛው ብርድ እንደሆነ አልተነጋገርንም።