በጨለማ የተሠራ ረከቦት

ሻንጣው ውስጥ ብዙ ልብስ አልነበረም። ቦታውን የያዘው ረከቦቱ ነው። እግሮቹን ፈታታሁ። ገበታውን በልጆቹ ሹራብ ጠቀለልኩ። መሳቢያው ውስጥ ካልሲ ሞላሁበት። ባለቤቴ ቆማ ስታየኝ ቆየችና "ረከቦት ወደ ሱሉልታ?" አለችኝ። አዎ፣ ወደ ሱሉልታ። አባባ እንዲያዩት ፈልጌ ነው።

አባባ ዕድሜ ልካቸውን አናጢ ናቸው። እኔ ግን ልጅ ሆኜ መጋዝ አልያዝኩም። "አንተ ተማር" ተብዬ ነው ያደግኩት። ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ከዚያ ትሮምሶ ገባሁ። እንጨት የነካሁት እዚያ ነው። ሰው አገር፣ በጨለማ።

ስለ ጨለማው ትንሽ ልንገራችሁ። ትሮምሶ ሰሜን ኖርዌይ ነው፤ ከአርክቲክ ክበብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ። በኛ አቆጣጠር ከኅዳር 18 ገደማ እስከ ጥር 7 ድረስ ፀሐይ አትወጣም። ሰባት ሳምንት። አገሬው ይህን ጊዜ ሞርኬቲድ ይለዋል፤ የጨለማ ጊዜ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ድቅድቅ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ሰማያዊ ብርሃን ይመጣል። በረዶው ያንን ይቀበልና ተራራውም ቤቱም ሰማያዊ ይሆናል። በጣም ያምራል። ከዚያ ወዲያው ይመሻል። ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጨለማ፣ ሲመለሱ ጨለማ። መኪና እንዲያያቸው ልብሳቸው ላይ የሚያንጸባርቅ ጨርቅ ይደረግላቸዋል።

የኛ ሰዓት እዚያ ቦታ ያጣል። እኛ የምንቆጥረው ከፀሐይ ተነስተን ነው። ጎህ ቀደደ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ታላቋ ልጄ ትንሽ ሳለች "ዛሬ ጠዋቱ መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

ታናሹ የተወለደው በኅዳር መጨረሻ ነው። እማዬ በስልክ "ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁት" ትለናለች። የትኛዋን ፀሐይ? ባለቤቴ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች። ሐኪሞቹ የቫይታሚን ዲ ጠብታ አዘውልን ነበር። እዚያ ለሕፃናት ሁሉ የሚሰጥ ነው። ትልልቆቹም ትራን የሚባል የኮድ ዓሣ የጉበት ዘይት በማንኪያ ይጠጣሉ። ይህን ሁሉ ለእማዬ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና "እንግዲህ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ" አለች።

የመጀመሪያዎቹን ክረምቶች ያሳለፍናቸው ሁላችንም በየጥጋችን ነው። እኔ በስልኬ፣ ልጆቹ በየስክሪናቸው። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ቀን ትተኛለች። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ሳንገናኝ እንውል ነበር። አሁን ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ አንድ ቀን ጡረታ የወጣው ጎረቤታችን ምድር ቤቱን አሳየኝ። ጀልባ ሲጠግን የኖረ ሽማግሌ ነው። አንድ አምፖል፣ አንድ ሞርሳ፣ ግድግዳው ላይ በየመጠናቸው የተሰቀሉ መሮዎች። የሰጋቱራው ሽታ ሲያገኘኝ የአባባ ጋቢ መጣብኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሽማግሌው ምን እንደነካኝ አላወቀም። ብቻ አንድ የቆየ መላጊያ አውጥቶ ሰጠኝ።

እኛም ምድር ቤት አለን። የተጣለ ዕቃ የሞላበት ነበር። ባዶ አደረግነው። መጀመሪያ የወፍ መመገቢያ ሠራን። ቀጥሎ ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ። ጠጠር ስላልነበረን በባቄላ ነው የምንጫወተው። ልጆቹ ከኔ የተሻለ እጅ አላቸው። እዚያ አገር ልጅ ገና መዋዕለ ሕፃናት ሳለ በቢላ እንጨት መቅረጽ ይለማመዳል። ትምህርት ቤትም እንጨት ሥራን ስሎይድ ብለው ያስተምሯቸዋል። "አባዬ፣ ጅማቱን ተከትለህ ላገው" ያለችኝ ታላቋ ናት።

ረከቦቱ የዘንድሮው ነው። ቢዮርክ ከሚባለው ነጭ እንጨት፣ እዚያ በየዳገቱ ከሚበቅለው። ስፋቱን የወሰነችው ባለቤቴ ናት፤ "12 ሲኒ ካልያዘ ረከቦት አይባልም" ብላ። ታላቋ ላገች። ታናሹ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤ ለሰዓታት፣ እየዘፈነ። እኔ መሳቢያው ላይ ነበርኩ። ማዕዘኖቹን ያለ ሚስማር፣ ጥርስ በጥርስ አያይዤ። ሦስት ጊዜ አበላሸሁ፤ አራተኛው ገጠመ። በአንድ ጣት ስትገፉት ሽው ብሎ የሚገባ መሳቢያ ነበር። ከባለቤቴ ጋር በቀን አንዴ እንኳን አብረን የምንቀመጠው እዚያ ምድር ቤት ሆነ። ከሥራ ተመልሳ ሳትተኛ በፊት ትወርዳለች።

ከኦስሎ ማታ ተነስተን ታኅሣሥ 18 ጠዋት ቦሌ ደረስን። ከአየር ማረፊያው ስንወጣ ፀሐይዋ ገና ከጎን ነበረች። ታናሹ እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ቆመ። ከዚያ እጁን አነሳና ጥላውን አየ። የገዛ ጥላውን። እግሩን ያነሳል፣ ጥላውም ያነሳል። ወንድሜ ሻንጣ ጭኖ ጨርሶ ጠበቀን። ማንም አላቻኮለውም።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። በአዲሱ ገበያ አድርጎ የጎጃም መንገድ ይዞ የእንጦጦን ሰንሰለት መውጣት ነው። ዳገቱ ላይ ባሕር ዛፉ በግራ በቀኝ። መስኮት ከፈትኩና ሽታው ገባ። ከወዲያኛው ወገን ሲወርዱ ሱሉልታ ሜዳዋን ዘርግታ ትጠብቃለች። ልጅ ሆኜ የማውቀው ሜዳ ብዙው ቤት ሆኗል። ፋብሪካ አለ፣ አጥር አለ፣ አሁን ደግሞ አካባቢው ሸገር ከተማ ተብሏል። ግን የሳር ክምሩ አለ። ላሞቹ አሉ። ጠዋት ጠዋት መስመር ሠርተው የሚሮጡት አትሌቶችም አሉ።

ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ይጨክናል። ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ነጥቶ ልጆቹ "በረዶ!" ብለው ወጡ። ፀሐይ ስትጠነክር ጠፋባቸው። እማዬ ሁለቱንም ጎትታ ግድግዳ ሥር አስቀመጠቻቸው። ፀሐይ ልታሞቃቸው። አንዱ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሌላዋ አሥራ አንድ። እንደ አራስ ልጅ ጀርባቸውን ገልጣ ቅቤ ቀባቻቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ሥራ ነው። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆና ታያለች። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም።

የአባባ መሥሪያ ቤት ከግቢው በር አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ረከቦቱን ገጣጥሜ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ልቤ ይመታል። መነጽራቸውን አደረጉ። ገለበጡት። ከሥር ነው ማየት የጀመሩት። አናጢ ከሥር ነው የሚያየው። ማዕዘኑን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉ። መሳቢያውን አወጡ፣ አስገቡ፣ አወጡ።

"ይሄን መቼ ነው የሠራኸው?"

"በዚሁ ክረምት ነው አባባ።"

ፊታቸው ተለወጠ። "በክረምት? እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ነው የሚቀመጠው። በክረምት የሠራኸው በበጋ ይሸሻል። ይሰነጠቅብሃል።"

እዚህ ላይ ነው ቃሉ ያጣላን። እኔ ክረምት ስል ትሮምሶን ነው። እሳቸው ክረምት ሲሉ ሐምሌና ነሐሴን፣ ዝናቡን፣ ጭቃውን። ባንድ ቃል ሁለት ነገር እየተነጋገርን ነበር። ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። የዚያ አገር ክረምት ውጪው በረዶ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ይሠራል። ብርዳም አየር የሚይዘው እርጥበት ትንሽ ነው። ቤት ገብቶ ሲሞቅ ጭራሽ ይደርቃል። ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ቆዳ ያሳክካል። ምድር ቤቱ ያለው እንጨትም እንደዚያው ነው።

አባባ መሳቢያውን እንደያዙ አሰቡ። ሰው የነገራቸውን ዝም ብለው አይቀበሉም፤ በእንጨት ተርጉመው ነው የሚቀበሉት። "እንግዲያው ደርቆ ነው የመጣው" አሉ። "ውኃ ጠምቶታል። እዚህ ይጠጣል። እንጨት በቁመቱ ብዙም አይለወጥም፣ በጎኑ ነው የሚያብጠው። ተወው፣ እናየዋለን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ከዚያች ክፍል አልወጡም። አንድ ቀን ታናሹ ቢላውን አውጥቶ እንጨት ሲቀርጽ እማዬ አየችው። "ለሕፃን ቢላ! ኧረ በገብርኤል!" ብላ ልትነጥቀው ስትል አባባ እጃቸውን ዘረጉ። "ቆይ፣ ቆይ። አያያዙን እይው።" ቢላውን ከሰውነቱ ወደ ውጪ ነው የሚገፋው፤ እንደተማረው። አባባ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ለኔ "አንተ ተማር" ያሉት ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያን ጊዜ ቀናሁ። በልጄ ቀናሁ።

መብራት በየጊዜው ይሄዳል። ትሮምሶ ፀሐይ የለም፣ መብራት ግን ጠፍቶ አያውቅም። እዚህ ሰማዩ በብርሃን ተሞልቶ አምፖሉ ጨለማ። አባባ መብራት ሲሄድ የኤሌክትሪኩን መጋዝ ትተው ጠረጴዛቸውን ወደ ደጅ ይገፋሉ። የእጅ መላጊያ ያነሳሉ። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግራቸው ሥር ይወድቃል። አራት ሆነን በፀሐይ ስንሠራ መንገደኛ ቆሞ "አይ ጋሼ፣ ሠራተኛ አብዝተዋል!" ይላቸዋል።

የሠሩት የገና ዱላ ነው። አባባ ከወይራ የተቆረጠ፣ ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ ቅርንጫፍ ሁለት አስቀምጠው ነበር። ለልጆቹ ብለው፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ። "ቆልማማውን አትሠራውም፣ ትመርጠዋለህ እንጂ" አሉ። ቅርፊቱን ልጠው፣ እጀታውን አለስልሰው፣ ሩሩንም ከእንጨት ጉጥ አድቦልቡለው ለታናሹ ሰጡት። እሱም "ይሄ ሆኪ ነው!" አለ። ገና ነው ተባለ። የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ሜዳው ላይ ወጡ። የኔዎቹ አማርኛ ትንሽ ይሰብራሉ፤ ሩሩ ሲመጣ ግን ማንም ቋንቋ አልጠየቃቸውም። ታላቋ እግሯን ተመታችና እያነከሰች መጣች። እማዬ እግሯን እያሸች "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" አለቻት። ተመልሳ ሮጠች።

መሳቢያው የተያዘው በገና ዋዜማ ነው። እማዬ ሲኒ ልታወጣ ሳበችው፣ እምቢ አለ። ደግማ ሳበችው። በአንድ ጣት የሚገፋ የነበረው መሳቢያ። አሥር ቀን ብቻ ነው የሆነው። አባባ ከአልጋቸው ተነስተው መጡ። "ጠጣ" አሉ። ሌላ አላሉም።

ሥራውን ያደረግነው ከበዓሉ በኋላ ነው። እኔ አሁን የያዘውን ያህል ብቻ ልልግ ነበር። አባባ አስቆሙኝ። ከኪሳቸው አንድ ብር፣ ሳንቲሙን፣ አውጥተው በመሳቢያውና በላዩ ባለው እንጨት መካከል አስቀመጡት። "ይሄ እስኪገባ ላገው። አሁን በጋ ነው። ሐምሌን አስብ።" ላግኩ። እጃቸው እጄ ላይ ነበር። የመጀመሪያዬ ነው፤ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ከአባቴ ጋር አንድ መላጊያ ስይዝ። መሳቢያው ሲገባ ላላ ብሎ፣ ከላዩ ክፍተት እየታየ ገባ። ለዓይን አያምርም። አባባ ግን "በቃ" አሉ።

ጥር 2 ተመለስን። ጥር 13 ትሮምሶ ላይ ፀሐይ ከተራራው በላይ ለደቂቃዎች ብቅ አለች። ከተማው ይህን ቀን የፀሐይ ቀን ብሎ ያከብራል፤ ጣፋጭ ክብ ዳቦ ይበላል። ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው በረዶ ላይ ወጡ።

ሐምሌ 5፣ የጴጥሮስ ጳውሎስ ዕለት ደወልኩ። እኛ ጋ ፀሐይ አትጠልቅም፤ በሌሊት መጋረጃ ዘግተን ነው የምንተኛው። ሱሉልታ ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ድምፅ የአባባን ድምፅ ይውጠዋል። ጾሙ ተፈትቷል፣ ቡና ተፈልቷል።

"አባባ፣ መሳቢያውስ? ይከፈታል?"

መልስ የለም። ተቋረጠ ብዬ ልዘጋ ስል ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ እንዳስጠጉት ገባኝ። ከዝናቡ ሥር፣ እንጨት በእንጨት ላይ፤ ሽው። ከዚያ መልሰው፣ ሽው።